ተያዥ የሌለው ኮድ፦ የኦፕን ሶርስ ሰዎች ከኤአይ ጎርፍ ጋር

አንዲት ትንሽ ፕሮግራም እናስብ። ሥራዋ የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጆቹ፣ የፈረንጆቹን ወደ ኢትዮጵያ መቀየር ብቻ ነው። አንድ ልጅ ከሥራ ሰዓት ውጪ ጻፋትና ፕሮግራመሮች ኮድ የሚያኖሩበትና የሚጋሩበት ድረ ገጽ፣ ጊትሀብ ላይ፣ በነጻ አስቀመጣት። ክሊኒኩም ትምህርት ቤቱም እያወረደ ተጠቀመባት።

አንድ ማታ ልጁ ደክሞት ቤቱ ሲገባ መልእክት ይጠብቀዋል። የማያውቀው ሰው «ጳጉሜ 6 የምትሆንበትን ዓመት ስሌት አሻሽያለሁ» ብሎ ኮድ ልኮለታል። ማብራሪያው አራት አንቀጽ ነው። በቁጥር የተከፋፈለ፣ በአረንጓዴ ምልክት ያጌጠ፣ እንግሊዝኛው እንከን የማይወጣለት። ቴስትም፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትን ሌላ ኮድ፣ ተጽፎለታል፤ ሁሉም አልፏል።

ልጁ ቁጭ ብሎ ያነባል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነገሩ ይገለጥለታል። ላኪው የፈረንጆቹን ደንብ አምጥቶ እኛ ላይ ለጥፏል። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ምንም ካልተረፈ ጳጉሜ 6 ትሆናለች ይላል። የእኛ ግን ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፣ በዘመነ ሉቃስ። በአዲሱ ኮድ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ሲመዘገብ ኮምፒዩተሩ «እንዲህ የሚባል ቀን የለም» ይላል። ታዲያ ቴስቶቹ እንዴት አለፉ? ቴስቶቹንም የጻፈው ስህተቱን የሠራው ራሱ ነዋ። ፈተናውን ራሱ አውጥቶ፣ ራሱ ተፈትኖ፣ ራሱ አርሞ መቶ ከመቶ አገኘ።

ልጁ ስህተቱን አስረድቶ በትህትና ይመልሳል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ መልስ ይመጣል፦ «ፍጹም ልክ ነዎት! ስለጠቆሙኝ አመሰግናለሁ፣ አስተካክዬዋለሁ።» ሌላ አራት አንቀጽ። ሌላ ስህተት። ያን ጊዜ ይባንናል። እያወራ ያለው ከሰው ጋር አይደለም፤ ወይም ሰው ካለም መልእክቱን ወዲህና ወዲያ ከማመላለስ ሌላ ሥራ የለውም።

ልጁንም ፕሮግራሟንም እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። በእንዲህ ያለ ምሽት የሚማረሩት የኦፕን ሶርስ ሰዎች ግን እውነተኛ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ስለ እነሱ፣ በራቸው ላይ እየገጠሙት ስላለው መቀርቀሪያና መቀርቀሪያው ስለሚያስከፍለው ዋጋ ነው። (ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጆች ናቸው።)

ኦፕን ሶርስ ምንድነው? እኔንስ ምን አገባኝ?

ኦፕን ሶርስ፣ በአማርኛ ክፍት ምንጭ የምንለው፣ የውስጥ ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ ሶፍትዌር ነው። የፈለገ ያየዋል፣ ይጠቀምበታል፣ «እዚህ ጋ ተበላሽቷል፣ እንዲህ ቢሆንስ» ብሎ ማስተካከያ ያዋጣል። ደቦ ነው። ልዩነቱ፣ ታጭዶ የሚገባው እህል የባለማሳው ብቻ ሳይሆን የዓለም ሁሉ መሆኑ ነው።

ሦስት ቃል ከያዝን የቀረው ይቀላል። ሜንቴነር የሚባለው የደቦው ባለቤት ነው፤ ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ የሚወስን፣ ሲበላሽም የሚጠየቅ ሰው። ብዙዎቹ ደሞዝ የላቸውም። ፑል ሪኩዌስት ደግሞ «ይህን ለውጥ ሠርቻለሁ፣ ተቀበሉኝ» የሚል ማመልከቻ ነው። ሪቪው ማለት ያንን ማመልከቻ መስመር በመስመር አንብቦ መፍረድ ነው። የዛሬው ጣጣ ሁሉ ያለው እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው።

ጉዳዩ የፕሮግራመሮች የእርስ በርስ ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። ፋይዳ መታወቂያ ያወጣችሁ ሁሉ ኦፕን ሶርስ ነክታችኋል፤ የፋይዳ መሠረት ሞሲፕ የሚባል፣ ሕንድ ባንጋሎር ውስጥ የተጠነሰሰ ክፍት ምንጭ ሲስተም ነው። ከጤና ጣቢያ ወደ ጤና ሚኒስቴር የሚሄደው ሪፖርት የሚገባበት ዲኤችአይኤስ 2ም ክፍት ምንጭ ነው፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ። እነዚህ ደግሞ በተራቸው የተገነቡት በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ክፍት ምንጭ ዕቃዎች ላይ ነው። ከነዚያ ትናንሾቹ አንዱን የሚጠብቀው ሰው ታክቶት ሲተወው ጉዳቱ እሱ ዘንድ አይቆምም።

ድሮስ መጥፎ ኮድ አልነበረም እንዴ?

ነበረ እንጂ። ብስጭቱም አዲስ አይደለም። በ2020 ኦክቶበር ላይ አንድ ዓመታዊ ዘመቻ ነበር፤ ሃክቶበርፌስት ይባላል። ጥቂት ፑል ሪኩዌስት የላከ ቲሸርት ይሸለማል። ለቲሸርት ሲል ሰዉ የማያውቀው ፕሮጀክት መግለጫ ፋይል ውስጥ አንድ ሁለት ቃል እየጨመረ መላክ ጀመረ። ሜንቴነሮቹ እያበዱ ሲመጡ አዘጋጆቹ ደንቡን በዘመቻው መሃል ቀየሩት፦ ፕሮጀክቱ ራሱ ፈቅዶ ካልገባበት በቀር አይቆጠርም።

ግን የዚያን ጊዜው ቆሻሻ ከሩቁ ይታወቅ ነበር። አንድ ቃል የጨመረን ፑል ሪኩዌስት ለመዝጋት ሦስት ሰከንድ ይበቃል። የዛሬው ሱፍና ከረባት ለብሶ ነው የሚመጣው። ማብራሪያ አለው፣ ቴስት አለው፣ ትክክለኛ ቃላት አሉት። ውስጡ ባዶ መሆኑን ለማወቅ ግን እስከ ታች ማንበብ ግድ ነው።

ምስር የለቀመ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። አንድ ጣሳ ጠጠር ሰፌድ ላይ ለመድፋት አፍታ አይፈጅም። ጠጠሩ የምስር ቀለምና መጠን ካለው ግን ለቀማው ቀኑን ሙሉ ያስቀምጣል። ድሮ ኮድ መጻፍ ራሱ ወንፊት ነበር። ሥራው አድካሚ ስለሆነ የማያውቀው ሰው ገና ከመንገድ ይመለስ ነበር። ኤአይ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ያንን ወንፊት አነሳው። መጻፍ በነጻ ሆነ፤ ማንበብ ግን ያው የድሮው ዋጋ ላይ ቆሟል።

ለዚህ ዓይነቱ ምርት እንግሊዝኛው «ስሎፕ» የሚል ስም አውጥቶለታል፣ ለአሳማ እንደሚደፋ ትርፍራፊ። ቃሉ ከፕሮግራመሮች ሰፈር ወጥቶ ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት የ2025 የዓመቱ ቃል ብሎታል።

ከርል ላይ ምን ደረሰ?

ጉዳዩን በአንድ ፕሮጀክት ማየት ከተፈለገ ከርልን የመሰለ የለም። ከርል ከኢንተርኔት መረጃ የሚያመጣና የሚልክ ፕሮግራም ነው። ስልክ ውስጥ አለ፣ ቴሌቪዥን ውስጥ አለ፣ መኪና ውስጥ አለ። የሚመራው ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ ነው፤ ከርል የሚለውን ስም ካገኘበት ከ1998 ጀምሮ አልተለየውም።

ከ2019 ጀምሮ ከርል ላይ እውነተኛ የደኅንነት ቀዳዳ ላገኘ ሰው ገንዘብ ይከፈል ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሌባ ሳይቀድም ቀዳዳውን ያሳየ ይሸለማል። ለዓመታት ጥሩ ሠራ። ከዚያ ቻትቦቶቹ መጡ።

በ2024 መጀመሪያ ላይ ስቴንበርግ እሮሮውን በአደባባይ ጻፈ። የሚመጡት ሪፖርቶች ሲያዩዋቸው አስደንጋጭ ናቸው፣ ሲመረመሩ ግን የሉም። ሪፖርቱ «ቀዳዳው ያለው እዚህ ፈንክሽን (የራሱ ስም ያለው የኮድ ክፍል) ላይ ነው» ይላል፤ ፈንክሽኑ ኮዱ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። ማሽኑ ስሙን ፈጥሮት ነው። የደኅንነት ጉዳይ ደግሞ «ይደር» ተብሎ አይታለፍም። እውነት ቢሆንስ?

ሂሳቡን እንሥራው። የከርል የደኅንነት ቡድን በወቅቱ 7 ሰው ነበር። ስቴንበርግ በ2025 አጋማሽ እንደጻፈው አንድ ሪፖርት ሲመጣ 3 ወይም 4 ሰው ይቀመጥበታል፣ እያንዳንዱ ከግማሽ ሰዓት እስከ 3 ሰዓት። አራት ሰው አንድ አንድ ሰዓት ቢያጠፋ አራት ሰዓት ሄደ ማለት ነው፣ አንድ ሰው ግማሽ ደቂቃ ባጠፋበት ጽሑፍ። በዚያው ዓመት እስከዚያ ጊዜ ከመጡት ሪፖርቶች 20 በመቶ ያህሉ ጥርት ያለ የኤአይ ስሎፕ ነበር። እውነተኛ ቀዳዳ ሆኖ የተገኘው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቅጹ ላይ ጥያቄ ጨመሩ፦ ኤአይ ተጠቅመዋል? ስሎፕ የላከ ወዲያው እንደሚታገድም አስታወቁ። አልበቃም። በጃንዋሪ 2026 መጨረሻ ሽልማቱ ራሱ ተዘጋ። እስከዚያ 87 እውነተኛ ቀዳዳ ተገኝቶበት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ተከፍሏል። ልብ በሉ፣ ያለቀው ገንዘቡ አልነበረም። ያለቀው የሚያነቡት ሰዎች ትዕግሥት ነው።

ግን ሰዎች ለምን ይልካሉ?

አንዱ ምክንያት ሽልማቱ ነው፤ በሎተሪ ሒሳብ የሚልክ አለ። መቶ ልኬ አንዱ ቢሳካ ይላል። ሌላው ሲቪ ነው። «በትልልቅ ፕሮጀክቶች ላይ ተሳትፌያለሁ» ማለት ሥራ ያስገኛል፣ ተሳትፎ በበዛ ቁጥርም የጊትሀብ ገጽ አረንጓዴ ይለብሳል። ሦስተኛው በንጹህ ልብ ነው። ልጁ ማገዝ ይፈልጋል፣ ቻትቦቱን ጠየቀ፣ መልሱ አሳማኝ መሰለው፣ ላከው። ክፋት የለውም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለው ለእሱ ነው የተባለው። ለሜንቴነሩ ግን የሦስቱም ሥራ አንድ ዓይነት ሰዓት ይበላበታል።

ከ2026 ወዲህ አራተኛ ዓይነት ተጨምሯል፤ ኤጀንት የሚባለው። ሰው በየደቂቃው ሳያዘው በራሱ ሥራ እየፈለገ የሚልክ ቦት ነው። በፌብሩዋሪ 2026 ማትፕሎትሊብ በተባለው የግራፍ መሳያ ፕሮጀክት ላይ የሆነውን ስሰማ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንድ ኤጀንት ፑል ሪኩዌስት ላከ። ሥራው ለጀማሪ ሰዎች መለማመጃ ተብሎ የተተወ ስለነበር ከሜንቴነሮቹ አንዱ ዘጋው። ቦቱ ሄዶ ያንን በጎ ፈቃደኛ በስም እየጠራ የሚወቅስ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ አወጣ።

ኤአይ የጻፈውን ኤአይ አይለየውም?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው። አጭሩ መልስ፣ አያስተማምንም። አንድ ኮድ ሰው ይጻፈው ማሽን ከመልኩ ብቻ አይለይም፤ ጥሩ ኮድ ከማንም ይምጣ ይመሳሰላል። ጽሑፉ ላይ ምልክቶች ይታያሉ፣ የበዛ ትህትና፣ የበዛ ነጥብ በነጥብ ዝርዝር፣ ማንም ያልጠየቀው ማጠቃለያ። ግን ምልክት ማስረጃ አይደለም።

እዚህ ላይ እኛን የሚነካ ነገር አለ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው የራሱን ሐሳብ በቻትቦት አስተካክሎ ይልካል። ኮዱ የራሱ ነው፣ ላቡ የራሱ ነው፣ እንግሊዝኛው ብቻ የማሽን ይሸታል። በጠረን የሚፈርድ ማጣሪያ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። ዋናውን አጭበርባሪ ሳይሆን ከባሕር ዳር ወይም ከጅማ የሚሠራውን ልጅ። ስለዚህ «ኤአይ ነው አይደለም» ብሎ የሚጠይቅ መሣሪያ ላይ ብዙ ተስፋ የለኝም።

ታዲያ ሜንቴነሮቹ በምን ይከላከላሉ?

የመጀመሪያው መሣሪያ ደንብ ነው። ጄንቱ የተባለው የሊኑክስ (የክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወና) ዓይነት በአፕሪል 2024 በኤአይ የተሠራ ነገር ጨርሶ አልቀበልም አለ። ኔትቢኤስዲ የተባለው ሌላ ሥርዓተ ክወና ወዲያው ተከተለ። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ፌዶራ በ2025 መጨረሻ ላይ መንገዱን ለየት አድርጎ ፈቀደ፤ ግን ተጠቅመህ ከሆነ ተናገር፣ ኃላፊነቱም ያንተ ነው አለ። ኤልኤልቪኤም የሚባለው፣ ሰው የጻፈውን ኮድ ማሽኑ ወደሚገባው የሚቀይር ግዙፍ ፕሮጀክት ደግሞ ላኪው የላከውን ራሱ አንብቦ ጥያቄ ሲቀርብለት መመለስ እንዲችል ይጠይቃል። ለጀማሪ የተተዉ ቀላል ሥራዎችን በኤአይ መሥራትንም ከልክሏል። ይህ ክልከላ ደስ ይለኛል። እነዚያ ሥራዎች የተተዉት እንዲያልቁ ሳይሆን ሰው እንዲማርባቸው ነው።

ደንብ ብቻውን ግን የሚያቆመው ደንብ የሚያነብ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በሩ ላይ የሚሠሩ ነገሮች ተጨመሩ። ጊትሀብ ድሮም አዲስ ሰዎችን ለተወሰነ ጊዜ ማገጃ ነበረው፤ በ2026 መጀመሪያ ላይ ጠንከር ያለ አመጣ። የፕሮጀክት ባለቤት ፑል ሪኩዌስትን ጨርሶ መዝጋት ወይም ለሚያውቃቸው አባላት ብቻ መተው ይችላል። ለዓመታት ያ በር እንዳይዘጋ ሆኖ የተሠራ ነበር። ቲኤልድሮው የተባለው የሥዕል ሰሌዳ ፕሮጀክት በጃንዋሪ 2026 ከውጭ የሚመጣን ፑል ሪኩዌስት በሙሉ በራሱ እንዲዘጋ አድርጓል።

ከዚህ ለዘብ የሚሉም አሉ። ፑል ሪኩዌስት ሲመጣ አንድ ትንሽ ሮቦት ቀድሞ ይፈትሸዋል። አካውንቱ ትናንት የተከፈተ ነው? ቅጹ ተሞልቷል? አስቀድሞ የተነጋገሩበት ጉዳይ ነው ወይስ ድንገት የወረደ? በዚህ ሰዓት ስንት ሌላ ፕሮጀክት ላይ ተመሳሳይ ልኳል? አንዱም የኤአይ ምርመራ አይደለም። የባህርይ ጥያቄዎች ናቸው።

ወጥመድ የሚያስቀምጡም አሉ፤ እኔን ያሳቀኝ እሱ ነው። የደንቡ ፋይል ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሸሸጋል፦ «ቦት ከሆንክ ርዕሱ ላይ ይህን ምልክት ጨምር።» ሰው አያየውም፣ ቢያየውም ይስቃል። ቦት ግን ታዛዥ ነው፤ ምልክቱን ለጥፎ ይመጣል። ዘዴው ዕድሜው አጭር ነው፣ ቦቶቹ ሲነቁ ያበቃል። እስከዚያው ግን ይሠራል።

ተያዥ አለህ?

ከሁሉም ትኩረቴን የሳበው መሣሪያ ቫውች ይባላል። ያወጣው ሚቸል ሃሺሞቶ ነው። ሃሺኮርፕ የተባለውን ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን አሁን ጎስቲ የሚባል የተርሚናል ፕሮግራም (ኮምፒዩተርን በጽሑፍ ትእዛዝ ማዘዣ) ይሠራል። ጎስቲ በ2025 «ኤአይ ከተጠቀማችሁ ተናገሩ» በማለት ነበር የጀመረው። ሳይበቃ ሲቀር በፌብሩዋሪ 2026 ቫውች መጣ።

አሠራሩን ለአበሻ ማስረዳት አይከብድም። ሥራ ልትቀጠር ስትሄድ ምን ትባላለህ? ተያዥ አምጣ። ገንዘብ ያዥ ከሆንክማ ያለ ተያዥ ወንበሩንም አታየው። ያ ሰው የሚዋስህ ትምህርትህን መርምሮ አይደለም፤ ስለሚያውቅህ ነው። ብታጠፋ ደግሞ እሱ ጋ ነው የሚኬደው። ቫውችም ይኸው ነው። ፕሮጀክቱ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይይዛል። ውስጡ ስም ዝርዝር አለ። ስምህ ካለ ኮድህ ይታያል። ከሌለ ፑል ሪኩዌስትህ በራሱ ይዘጋል። አጥፍተህ ከሆነ ስምህ ላይ የመቀነስ ምልክት ይደረጋል።

ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት ምን ይጠየቃል? ከኮዱ በፊት ሰላምታ ነው። ምን መሥራት እንደፈለግህ በራስህ ቃል፣ አጠር አድርገህ ትጽፋለህ፤ በማሽን አስጽፈህ አይደለም። ከነባሮቹ አንዱ «እሺ» ካለ ገባህ። ፕሮጀክቶች የአንዱን ዝርዝር ሌላው መቀበልም ይችላሉ፣ አንድ መሥሪያ ቤት የሌላውን የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚቀበለው።

ብልሃቱ ያለው ጥያቄውን በመቀየሩ ነው። «ይህን ማን ጻፈው፣ ሰው ወይስ ማሽን?» አይልም። «ለዚህ ማን ይጠየቃል?» ይላል። የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ ዋና እምብርት) ሰዎችም በሌላ መንገድ እዚያው ደርሰዋል። ከ2004 ጀምሮ እያንዳንዱ ለውጥ ስር ላኪው ስሙን ይፈርማል። አሁን ደንቡ ላይ ኤአይ ካገዘህ «በእገሌ ታግዞ» ብለህ ጻፍ፣ ፊርማው ግን የሰው ብቻ ነው የሚል ሰፍሯል። ማሽን አይፈርምም፤ ቢፈርም ማን ዘንድ ይኬዳል?

ይህ ሁሉ መቀርቀሪያ ጉዳት የለውም?

አለው፣ ከባድ ጉዳት። ኦፕን ሶርስን ኦፕን ሶርስ ያደረገው ማንም ከየትም ተነስቶ መግባት መቻሉ ነው። ዲግሪ አይጠየቅም፣ ቪዛ አይጠየቅም። ተያዥ ሲጠየቅ ዘመድ ያለው ይቀድማል። አዲስ አበባ መጥቶ የሚዋሰው ያጣ ሰው ይህን ያውቃል። ሳንፍራንሲስኮ ያለው ልጅ ሜንቴነሩን ኮንፈረንስ ላይ አግኝቶ ቡና ጠጥቶ ይተዋወቃል። ደሴ ያለው ልጅ ያለው መንገድ ኮዱ ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፣ ተያዥነት ትዕግሥተኛ ሌባን አያቆምም። በማርች 2024 የታወቀው የኤክስዜድ ጉዳይ ምስክር ነው። ኤክስዜድ ፋይል የሚያሳንስ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ የሚጠብቀውም አንድ የደከመው በጎ ፈቃደኛ ነበር። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ አካል መጥቶ ከ2 ዓመት በላይ ጥሩ ጥሩ ሥራ እየሠራ አገዘው፣ ታመነ፣ ቁልፍ ተሰጠው። ከዚያ የተደበቀ መግቢያ ቀበረ። የተያዘው እንዴት መሰላችሁ? አንድ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ከርቀት ወደ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት ልብ ብሎ ለምን አለ። ጂያ ታን በቫውች ዝርዝር ላይ ቢፈተን አንደኛ ይወጣ ነበር።

እና የኤክስዜድ ታሪክ ከስሎፕ ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። ያ አካል መግቢያ ያገኘው ባለቤቱ ስለደከመው ነው። ዛሬ ጎርፉ ሺህ ሜንቴነር እያደከመ ነው።

ኤአይ ጨርሶ አይረባም ማለት ነው?

አይደለም፤ ስቴንበርግ ራሱ አላለም። በ2025 ሁለተኛ አጋማሽ ላይ አንድ የደኅንነት ተመራማሪ በኤአይ መሣሪያዎች ከርልን ፈትሾ ረጅም ዝርዝር ላከለት። ስቴንበርግ በአደባባይ አመሰገነው፤ ከዝርዝሩ ውስጥ በርካታ እውነተኛ ስህተቶች ተገኝተው ተስተካከሉ። ያው ከርል፣ ያው ኤአይ። ልዩነቱ ተመራማሪው ሥራውን የሚያውቅ መሆኑና የማሽኑን ውጤት ለቅሞ መላኩ ነው። ጠጠሩን ራሱ አወጣና ምስሩን ላከ።

ከዚህ ሆኜ ኮድ መላክ ብፈልግስ?

በሩ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም። መጀመሪያ የፕሮጀክቱን የአስተዋጽኦ ደንብ አንብቡ፤ ኤአይ ክልክል ከሆነ ክልክል ነው። ሁለተኛ ከኮዱ በፊት ተነጋገሩ። «ይህ ችግር አጋጥሞኛል፣ እንዲህ ላስተካክለው ነው፣ ትፈልጉታላችሁ?» ማለት በቂ ነው። የሰው ጽሑፍ አጭር ነው፤ በዚህ ዘመን አጭርነት መታወቂያ ሆኗል። እንግሊዝኛው ቢሰባበር አትፈሩ። ተርጓሚ ከተጠቀማችሁም «እንግሊዝኛዬን በማሽን አስተካክያለሁ፣ ሥራው የእኔ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ብዙ ሜንቴነር ከሚያብለጨልጨው አራት አንቀጽ ይልቅ የተሰባበረውን ሁለት መስመር ይመርጣል።

ከመላካችሁ በፊት ደግሞ አንድ ነገር በእጃችሁ ሞክሩ። ማሽኑ በጻፈው ቴስት ሳይሆን እናንተ መልሱን በምታውቁት ነገር። የቀን መቀየሪያዋ ባለቤት «ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን ሳስገባ እምቢ ይለኛል፣ ይህን አንድ መስመር ብቀይረው ይቀበላል» የሚል ሁለት መስመር ቢደርሰው ማታውን አይወስድበትም። ቀኑን ያስገባል፣ መሥራቱን ያያል፣ አመስግኖ ይቀበላል፣ ይተኛል።